አንቱ የሌለው ቋንቋ

ኢዝሚር፣ ከወደቡ ዳር፣ መብራት ባላጠፋ ቢሮ፣
ነርሚን ኢሜይል ትጽፋለች፤ ልቧ ፊደሉ ላይ ታስሮ።
በለሱ ደርቆ ተለቅሟል፣ መጋዘን እስከ አፉ ሞልቷል፤
የፓኬቱ መለያ ግን ሊድስ ላይ አጽዳቂ አጥቷል።

«አጽድቅልኝ» ብላ ጻፈች፤ ስታነበው ጥፊ መሰላት፤
ቱርክኛዋ አንቱን ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ከየት ይምጣላት?
አለቃውም፣ ሕፃኑም፣ የጎረቤት ድመትም ያው «ዩ»!
ትሕትናን ደራረበችው፣ እንደ ብርድ ልብስ በላይ በላዩ፦
«ምናልባት ጊዜ ቢኖርዎ፣ ካላስቸገርኩ፣ ነገሩን ቢያዩ…»

በማግስቱ መልስ መጣ፣ ከሚስተር ኦልድሮይድ፣ አጭር፦
«ደስ የሚል ደብዳቤ ነው። ግን የፈለጉት ምን ነበር?»

ሳቀች።
ብርድ ልብሱን ገፈፈች፤ ከሥሩ ጥያቄው አንቀላፍቷል አሉ፦
«የመለያውን ናሙና እስከ ሐሙስ ሊያጸድቁልን ይችላሉ?
ዕቃው ዓርብ ይጫናል። አመሰግናለሁ።»
አበቃ ቃሉ።

ላከችው። ኮምፒውተሯን ልትዘጋ ስትል፣ አንዲቱን ቃል ደግማ አየች፤
«ኩድ»፦
ያቺ የማትሞላ ቃል፣ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ የፈለገችውን አንቱ
በጉያዋ ሸሽጋ ኖራለች።