ተረከዜ

አባቴን ስጠራ ስሙን አላነሣም፤
ሰፈሩ ቢያስተጋባ ዋቅጅራ አይሰማም።
በተረከዜ ነው።
ቤታችን የድሮ የባቡር ሠራተኛ ቤት፣ ወለሉ ጣውላ ነው፤
አንዴ ስመታው «ምሳ ቀርቧል»፣
ሁለቴ «እንግዳ»፣
ሦስቴ ከደገምኩት «ቶሎ በል» ማለት ነው።

ሥራው ወፍጮ ቤት ነው፣ ከሐዲዱ ጀርባ፤
የአዳማ ነፋስ አቧራ አንሥቶ ከዱቄት ሲያጋባ
መዳፉን ከማሽኑ ጎን ለጥፎ ይቆማል፤
በቆሎ ይሁን ጤፍ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል።
ድንጋዩ ሲዶለዱም፣ ቀበቶው ሲላላ፣
እሱ ነው ቀድሞ የሚነቃ፣ ባለጆሮ ኋላ።

ትናንት ሆስፒታል ሄድን፣ ለጥናት ፈልገውን።
ጠይባ ተቀበለችው ቀበቶና ሰዓቱን፣
ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ብረት የተባለውን።
ከዚያ የጆሮ መድፈኛ ሰጠችው፣ «ኤም አር አዩ ይጮኻል» ብላ።
ሳቄ አመለጠኝ። እሱም አየኝና
ተንጋሎ ሳቀ፤ ጠይባ ደንግጣ አየችን፤ ሳቀ እንደገና።

ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ቅንጣት አሰሩ፤
እንደ ጥንዚዛ ክንፍ ይርገበገባል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነሣል።
ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤
እሱ ግን የሚያስበው ለተለማማጁ የተወውን ወፍጮ ነው፣ አውቃለሁ።

ዶክተር ፍሬስብሃት ምስሉን በእስክሪብቶ ጠቆሙኝ፦
«ይሄ የመዳሰስ ሰፈር ነው፤ ይበራል ብለን ነበር፣ በርቷል።
ይሄኛው ግን የመስማት ነው። እዪው፣ እሱም ቀልቷል።»
ዝም አልኩ።
ጆሮ ለቆት የሄደ ቤት ባዶውን ያደረ መስሎኝ፤
ለካ ጣት ተከራይቶት፣
መብራት አብርቶ ኖሮበት።

«ሌባ ጣት» ብሎ የሰየመው ሰው ይሄን አውቆ ይሆን?
ከወፍጮው ሰርቆ፣ ከጣውላው ሰርቆ፣ የክረምት ነጎድጓዱን
ከመስኮት ብረት ሰርቆ፣
ወደዚያ ቤት ሲያግዝ የኖረው በጨለማ ተደብቆ።

ያኔ አንድ ቀን ትዝ አለኝ።
አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጫማ አልገዛም ብሎ
ጀርባዬን ሰጥቼው ክፉ ቃል ተናገርኩ፣ አይሰማም ብዬ፤
ወለሉን ረግጬ ወጣሁ፣ በሩን አላትሜ።
ቃሉ አልደረሰውም።
ግን ስመለስ ጣውላው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር
መዳፉን ዘርግቶ፣
ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።

ማታ ቤት ገብተን ልነግረው ሞከርኩ፤
«የመስማት ሰፈርህ» ለሚባል ነገር በእጄ ምልክት አጣሁ።
ጫማዬን አወለቅኩና ጣውላውን መታሁት፣ በቀስታ፣
አራት ጊዜ።

አራት በእኛ ቋንቋ ምንም አይደለም።
ቀና አለ። ምሳ አይደል፣ እንግዳም የለም።
አልጠየቀኝም፤
ጎንበስ አለና መዳፉን ወለሉ ላይ አኖረ፣
የቀረውን ሊሰማ።