አራተኛው

ከልባሽ ጨርቅ ቦንዳ አንድ ማሊያ ወጣ፣
ደሴ፣ ሙሄ ሱቅ፣ ሊጠብ የመጣ፤
ትከሻው የበሬ፣ ወርዱ የጎተራ፣
ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት፣ ጀርባው ላይ ሲያበራ።

"ይሄ ምን በልቶ ነው?" አለኝ ጠመኔ ይዞ።
"ከሥሩ ጋሻ አለ፤ ሰው ብቻ አይደለም።
ያሜሪካ እግር ኳስ ነው፣ የሚያዘው በእጅ።"
"እግር ኳስ በእጅ?"
መርገጫውን ለቀቀ።
የሲንጀሩ ጎማ ቆመ፣ ጥቂት ተጉዞ።

"ስሙን ከየት አመጡት?"
"አንዱ፣ በፈረስ ሳይሆን በእግር ስለሚሮጥ ነው ይላል፤
ሌላው፣ ድሮ ይለጋ ነበር፣ ነገር ሲሄድ ስም ይቀራል።"
"እንደ ሰኞ ገበያ በለኛ፣ ማክሰኞም ይቆማል!
እንደ ቧንቧ ውሃ፣ ጀሪካን ተሰልፎ የሚያድርበት ሰፈር!"
እኔ ለማስረዳት ስዳክር፣ እሱ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

አሥራ አንድ ነጭ ቁልፍ፣ አሥራ አንድ ጥቁር
ጠረጴዛው ላይ አሰለፍኩ፣ በጠመኔ መስመር።
"ሜዳው በያርድ ነው" ስለው ፊቱ በራ፤
አቡጀዲ ነው ያርድ፣ ያባቱ ሥራ፣
ከሜትር አምስት ጣት ጎደሎ።

"አራት ጊዜ ይሞከራል።
አሥር ያርድ ከሞላ ሌላ አራት ይሰጣል።
ሙከራው 'ዳውን' ነው፤ ድሮ የተያዘው ራሱ
'ወደቅኩ' ብሎ ይጮህ ነበር አሉ።"
"መውደቁን ራሱ? ደጎች ነበሩ ሁሉ።"
"'ተችዳውን' ደግሞ ኳሷን መሬት ማስነካት ነበር፤
ዛሬ መስመር ካለፈች ስድስት ነጥብ ነው፣ ባትነካም አፈር።"
"ይሄም ሰኞ ገበያ!"

ከጦሳ የወረደ ጉም
በሩ ላይ እንደ ደንበኛ ቆሟል።

"ሦስቱ ከከሸፈስ?"
"ብዙው፣ በአራተኛው ለግቶ ለባላጋራ ይሰጣል፣
ኳሷ ከደጁ እንድትርቅ።"
"በእግር?"
"በእግር።"
"እግር የሚመጣው ተስፋ ሲቆረጥ ነዋ።"

መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ዝም አለ።
ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፣ ገራዶ፣ ለዘምዘም አባት፤
አንዴ "ልጅ ናት"፣ አንዴ "እናስብበት"፣
ባለፈው፣ ከዒድ ማግስት፣ ሻይ ቀርቦ
መልስ ሳይቀርብ ወጡ።

"የማይለጋስ አለ?"
"አለ፣ የሚደፍር። ካልሞላለት እዚያው ይነጠቃል።"
"ስንት ሲቀረው ይደፍራል?"
"አንድ ያርድ፣ ሁለት።"

ሜትሩን ካንገቱ አውልቆ
ከቁልፎቹ እስከ ጠርዙ ለካ፤ ስንት እንደሆነ አልነገረኝም።
ጥቁሮቹን በመዳፉ ጠርጎ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ፣
ነጮቹንም ከተተ፣ አንዷን ብቻ ትቶ።

"ሻይ እኮ ቀርቧል" አለ፣
ለራሱ ይሁን ለኔ።