የዘር ድንች

«ቆሽትሽ ነው» አለችኝ ዶክተር አራንሲቢያ፤
ገና ልጅ ናት፤ ብዕሯን እንደ እንዝርት ታሾራለች፣
ዓይኔን ላለማየት ካርዴን ታገላብጣለች።
«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ብላት፣ «እንደ ሰዉ ነው» አለች።
ቆሽት! በሳቅ ፈነዳሁ፤ ባልታሳር ደነገጠ፣
ኮፍያው ከጉልበቱ ወደ ወለል አመለጠ።
እንዴት አልስቅ?
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኦርቴንሲያ እህቴ
ያሳረረችው እሱን አይደል ወይ፣ በሞቴ!

ከፖርቶ ሞንት ወደ ቺሎዌ በጀልባ ስንመለስ
ዝናቡ ከጎን ይመታል።
ባልታሳር በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ይጽፋል፦
መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ፣ የአልጋ ኪራይ፣ የጀልባ።
ድምሩን ሁለት ጊዜ ሠራው፤ ሁለት ጊዜም ተሳሳተ።
ተውኩት።
ከተጋባን ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት በሒሳብ ብቻ ነው።

እኔም ዝርዝር ነበረኝ፣ በልቤ የያዝኩት፣
ዓመት ከዓመት ሳንከባልል ለነገ ያልኩት፦
ቤቱን ከገደሉ አፍ ማንሳት
(በእኛ ደሴት ቤት ይጎተታል፤ መንደሩ በደቦ ወጥቶ፣
በሬው ሁሉ ተጠምዶ፣ ከነመስኮቱ፣ በግንድ ላይ)፤
ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የተሳልኩትን ሦስት መቶ የእንጨት ክዳን፤
ልጃችንን ሮሳውራን ስለዚያ ባሏ መምከር፤
ከእህቴ መታረቅ፣ እንደ ወጉ፣ ተቃቅፎ፣ በእንባ።

አሁን የቀረችኝ ቁንጥር ጨው ናት፤ ለሁሉም ድስት አትበቃም።
ቤቱን ሰረዝኩ። ገደሉ ቢበላው ይብላው፤ ወረፋው ከእኔ በኋላ ነው።
ጣሪያውን ሰረዝኩ። ቅዱሱ ዝናብ ያውቃል።
ሮሳውራን ሰረዝኩ፤ ምክሬን ማለቴ ነው፤ እሷማ
ስትመጣ ጸጉሬን ታጥበኛለች፣ ዝም እንላለን።
መድኃኒቱን ሰረዝኩ።
እዚህ ላይ ባልታሳር በሩን አላትሞ ወጣ፣
እስኪጨልም እንጨት ፈለጠ፤ የሦስት ክረምት ማገዶ።
የማን ክረምት? አልጠየቅኩትም።

የቀረው አንድ ነው፤ ነሐሴ ሲያልቅ ይተከላል።
ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው
ሞገድን በስሙ ይጠራል፤ ድንች ግን ለእሱ ድንች ነው።
ከእናቴ የወረስኩት አሥራ ሰባት ዓይነት ዘር አለኝ፤
ለይቶ የሚያውቃቸው ከእኔና ከኦርቴንሲያ በቀር የለም።
የተጣላነውም በዚሁ ነው፤ በአንድ ጆንያ።

መብራቱን አጠፋሁ። «ና፣ ቁጭ በል።»
እጁን ይዤ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ።
ይህቺ ሚቹኜ ናት፤ እንደ ሕፃን ጣት ቆልመም ያለች።
ይህቺ ብሩሃ፣ ጠንቋይዋ፤ ስትቆርጣት ውስጧ ሐምራዊ ነው።
ይህቺን ውኃ ለሚተኛበት መሬት። ይህቺን ምች አይደፍራትም።
ይህቺን አትሽጣት፤ ቢርብህም።
ተሳሳተ። ሰደብኩት። ሰደበኝ።
ሕመሙ ሲነሳ የሣጥኑን ጠርዝ ጨብጬ ጎበጥኩ፤
እሱ በጨለማው ውስጥ «ይህቺስ?» ይላል፣ «ይህቺስ?»
ምንም እንዳልሰማ ሰው።

ለኦርቴንሲያ ግማሽ ጆንያ ላክሁ፣ ከዚያችው ካጣላችን።
ደብዳቤ አልጨመርኩም። ይቅርታ ጉልበት ይበላል፤
ያለኝን ለድንቹ እፈልገዋለሁ።
በአምስተኛው ቀን ጆንያው ተመለሰ፤
ባዶ፣ የታጠበ፣ በአራት የታጠፈ።
ሁለቴ አራገፍኩት፤ ምንም የለበትም።
ይሁን። ንጹሕ ነው።

ነገ ዝናቡ ጋብ ካለ እንወጣለን፤ እኔ በወንበር፣
አንተ በዶማ። የባሕሩን አረም ከሥሩ አልብስ።
ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ነው፣ ከዚያ አይለፍ፤
በጥልቁ የሚቆፈረው ለእኔ ነው።
ደግሞ ስማኝ፣ ባልታሳር፣ ይህን እንዳትረሳ፦
የእኔን ዓይን ትከድናለህ፤
የእሷ ዓይን ግን ወደ ላይ ይሁን።

በል ተነስ፤ ማንቆርቆሪያው ገንፍሎ ምድጃውን አበላሸው።