እግሬን አነሣሁ

ኅዳር ነው፣ ረፋድ ነው፤ ከደንበጫ ኬላ
«ቁም!» ስንለው ጥሶ፣ አቧራ ወደ ኋላ
እየረጨ ሄደ፣ ባንድ ቀይ ሞተር፤
ከኋላው እኛ ነን፣ በፒካፕ ስንበር።

ምንይችል ከጎኔ ሬዲዮ ይዟል በጁ፤
«ተሰረቀ ያሉት ሞተር ነው፤ ያው ልጁ!
ርገጠው፣ ሳጅን፣ አይጥፋ ካይናችን፤
ጅጋ ላይ ካልያዝነው፣ ወየው ለስማችን!»

ረገጥሁት። መርፌው መቶ ሃያን ነካ፤
አልዋሽም፣ ደስ ይላል፤ ልቤ ዛሬም ረካ።
ደም ፊት ላይ ይወጣል፣ ጆሮ ይደፈናል፣
ሰፊው ዓለም ጠቦ አንድ ጀርባ ይሆናል።
ሌላ ሰው የለበት፣ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤
ያ ጀርባ ብቻ ነው ፊቴ የተሳለ።

ኩርባውን ስንዞር ጅጋ ብቅ አለች፤
ገበያዋን ሁሉ መንገድ ላይ አውላለች።
የበርበሬ ጆንያ፣ ያህያ ጋሪ፣
ባንድ እጇ ዶሮ፣ ባንድ እጇ ተማሪ
የያዘች አንዲት ሴት መሐል ላይ ቆማለች፤
የቱ ጋ ልሩጥ ብላ ግራ ተጋብታለች።

ማስተዋልን አየኋት።

አምና፣ በዚሁ ወር፣ ማንኩሳ መግቢያ ላይ፣
ሌባ ስናባርር፣ ከሌባው በቀር ሳናይ፣
ማስተዋል ሞተች። የሰባት ዓመት ልጅ።
ሌባውስ አልሞተም፤ ማስተዋል ናት እንጅ።
አባቷ ይርሳው፣ ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣
አልሰደበኝም። ተነሣ፤ እንድቀመጥ
ቦታውን ለቀቀ። ያ መቀመጫ ነው
ከመሪው ኋላ እስከዛሬ ያለው።

እግሬን አነሣሁት። ሳይረኑ ዝም አለ፤
ልጁ ዞሮ አየና ፍጥነቱን ጣለ፤
ከገበያው መሐል ሰው ሳይነካ ወጣ።
ምንይችል ዳሽቦርዱን መታው በቁጣ።
«ፈራህ?»
«አዎ» አልሁት። ሬዲዮውን ወሰድሁ፤
«ማባረር አቁመናል፤ ታርጋው ተይዟል፤
ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ ሰው ይቆማል።»

ማታ ጣቢያ ስደርስ ሳቃቸው ቀደመኝ፤
«ፈሪ ለናቱ!» ብሎ አንዱ ሻይ ጋበዘኝ።
ለናቱ ይሁን፣ እሽ። ግን ለየትኛዋ?
ዶሮዋ ባንድ እጇ፣ ልጇ በሌላዋ፣
ያችው የጅጋዋ፣ ስሟን የማላውቃት፣
ፈሪ ነኝ ለሷ፤ ልጇ እቤት ገባላት።

ሐሙስ ለት ተያዘ፣ አጎቱ ቤት ተኝቶ፤
ሞተሩ ከጓሮ፣ ጭድ ውስጥ ተከቶ።
ልየው ነው ስሙ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ።
ጢም እንኳ አልወጣው፤ ይንቀጠቀጣል ጣቱ።
ቃሉን ሰጥቶ ሲያበቃ፣ አንገቱን አዘንብሎ
ጠየቀኝ፤ «ደርሰህ ሳለ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ።

መልስ አልሰጠሁትም። መዝገቡን ገለጥሁ፤
«የቆመበት ምክንያት» ከሚለው ላይ ደረስሁ፤
ሌላ ቃል አልመጣም፤
«ማስተዋል» ብዬ ጻፍሁ።

ኢንስፔክተሩ አየው፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ፈረመበት።
ስም እንደሆነ ግን እኔም አልነገርሁት።