ስንተኛው ዙር ላይ ነበርሁ?

ዳልካዌ ከተማ ዝናብ ጎረቤት ነው፣
ሳያንኳኳ ገብቶ ምድጃ ዳር ሚያርፈው።
የኔ ሳምንት እንደ ሰው በሰኞ አይጀምርም፤
ጀልባው ማክሰኞ ነው፣ ሱፍ ካልመጣ የለም።

ከማዶዋ ደሴት በጆንያ ታጭቆ፣
ቅባቱ ሳይለቀው፣ እሾሁን ሰንቆ፣
በግ በግ እየሸተተ፣ ያልታጠበ፣ ያልቀና፤
እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ እጄ ወዝ ያገኛልና።
የሽንኩርት ልጣጭ አለኝ፣ ወር ሙሉ ያጠራቀምሁት፣
ትልቁን ድስት ጥጄ ሱፉን የምነክርበት፤
ቢጫ ይሆናል ስል የዝገት መልክ ይዞ ወጣ፤
ይሁን፤ እንግዳ አይመረጥም፣ የመጣው ነው የመጣ።

ረቡዕ ሹራብ ነው፤ ለእህቴ ልጅ ለኢሳውሮ፣
ባሕር ላይ ለሚያድረው፣ ዓሣ እርባታ ተቀጥሮ።
ቀኙን እጅጌ ጨረስሁ፤ ግራውን ስለካው
በሁለት ጣት ይረዝማል፤ ምን አባቱ ነካው?
ጥፋቱ የሬዲዮው ነው፤ መልእክት ሲያነብ ነበር፦
«ለእነ ክሎሪንዳ ቤት፤ ፈረስ ይዛችሁ ወደብ ዳር
ሐሙስ ጠብቁኝ» ሲል፣ ማን ይሆን ብዬ ሳስብ
ስምንት ዙር አስረዘምሁ በማላውቀው ሰው ሐሳብ።

ልተርትረው? ልተወው? ልጁ እንደሁ ግራኝ ነው፤
የሚሠራበት እጁ ይበልጥ ቢሞቀው ነው።
እንዲህ ብዬ ተኛሁ። ያቺ ሁለት ጣት እንደነቃች
ትራሴ ሥር ገብታ ስትጎረብጠኝ አደረች።
ጎህ ሳይቀድ ተረተርሁት፤ ክሩ ተንጨባርሮ
የተፈታ ሹሩባ መሰለ ጭኔ ላይ ተከምሮ።
ድመቷ መጣች፤ አየችኝ፤ ምንም አላለች፤
እሷም ልቃቂት ሰርቃ አልጋ ሥር የደበቀች።

ሐሙስ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ኤዴሊያ ደጄን ገፋች፤
የኦኖፍሬን ካፖርት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ መጣች።
እሱ ካረፈ ሁለት ክረምት፤ ካፖርቱ ግን አልሞተም፣
ትከሻው ሰው ይመስላል፣ ብብቱ አልተቀደደም።
«ቆርጠሽ ለልጅ ልጄ አድርጊው» ብላ ተቀመጠች፤
ሻይዋን አልነካችም፤ መቀሱን ብቻ አየች።

ገለበጥሁት። ገበሩ ላይ፣ ከኪሱ ዝቅ ብሎ፣
ሰማያዊ ስፌት አገኘሁ በጥቁር ጨርቅ ላይ ውሎ፤
ዘርዛራ፣ ችኩል፣ ረጃጅም፣ ጫፉ ሦስቴ የታሰረ።
እኔ ነኝ እንዲያ የማስር፤ ሌላ ማን ነበረ?

ሃያ ዓመት ይሆነዋል። ጥቁር ክር አልነበረኝም፤
ማን ውስጡን ያያል አልሁ። ገንዘቡን ስቀበል አላፈርሁም።
ምን አስቸኮለኝ ያን ቀን? የሚገነፍል ወተት?
የሚነሳ ጀልባ? እንጃ። ስፌቱ ግን ያውና፣ ጠንክሮ አለበት።

አሳየኋት። ሳቀች።
«ያውቀው ነበር» አለችኝ፤ «ዝናቡ ሲበረታ
ገበሩን ገልጦ ‹ሰማይ አለኝ› ይል ነበር ለጨዋታ።»
ከዚያ ሻይዋን ጠጣች። እኔም መቀስ አነሳሁ፣
ያችን ሰማያዊ ስፌት በዙሪያዋ አለፍሁ።

ክር መሰካት ከበደኝ፤ መርፌዋስ ዓይን አላት፣
የኔ ነው የደከመ፤
በምላሴ አርጥቤ፣ አምስቴ ስቼ፣ በስድስተኛው አገኘኋት።
አርብ ማታ አለቀ፤ ትንሹ ካፖርት ቆመ፤
ቁልፎቹ አራት ናቸው፣ አንዱ መልኩ ያልገጠመ፤
ከኔ ሣጥን ነው እሱ፣ ከእንጨት የተጠረበ፣
ለማን እንደነበር እንጃ፣ ለዚህ ይሁን የታሰበ።

ቅዳሜ ምንም አልሠራሁ። ዳቦ በፖም ማርማላታ፣
እግሬ ምድጃው አፍ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ የዝናብ ቱማታ።

እሁድ ገበያ ወጣሁ። አንዲት የከተማ እመቤት
«ይህ ጓንት በግ ይሸታል» ብላ መለሰችው፣ ቅር እያላት።
«አዎ» አልኋት፣ «በግ ነበር።»
ቆይታ፣ ሁለት ርምጃ ሄዳ፣ ተመልሳ ገዛችው።

ማታ ግራውን እጅጌ ሀ ብዬ ጀመርሁት፤
እንዳልሳሳት ብዬ ሬዲዮውን ዘጋሁት።
አንድ ዙር... ሁለት ዙር... ሦስት... ዝምታው ከበደኝ፤
ያ ሰውዬ ፈረሱን አግኝቶ ይሆን? አሳሰበኝ።

ከፈትሁት።
ስንተኛው ዙር ላይ ነበርሁ?