ሳልዞር

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ፒያሳ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይን ሳጮልቅ የምኖር።
ከጤፍ ያነሰች ብሎን በወረንጦ አንሥቼ
ከቦታዋ እመልሳለሁ፣ ትንፋሼን ገትቼ።
እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ደንበኞቼ ያውቃሉ፤
«የተካልኝ ጣት ሚዛን ነው» ይላሉ።

ታዲያ ይኸው እጄ፣
ቅዳሜ ጠዋት፣ ከገዛ ልጄ
ዓይን ፊት ሲደርስ ከዳኝ፤
ጣቴ ጫፍ ላይ የተቀመጠች፣ ጠብታ የምታህል ነገር ከበደኝ።

ኖላዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁጥሯ ማይነስ ስድስት።
መነጽሯ ሦስቴ ተሰብሯል፦ ሁለቴ በኳስ፣ አንዴ በእልህ ሰዓት።
ክፈፉን በሰዓት ብሎን ያያዝኩት እኔ ነኝ፤
እሷ በላስቲክ አስራው ቅርጫት ኳስ ስትሮጥ፣ ከዳር ቆሜ የጨነቀኝ።
ዝናብ ሲጥል መጥረግ፣ ሾርባ ሲቀርብ ጉም፤
«ባለ ጠርሙሷ» የሚሏት ልጆች ስሟን አያውቁትም።

«አባዬ፣ ሌንስ» አለች። ዓመት ሙሉ አለች።
እናቷ ደግሞ «በዓይኗ አትምጡብኝ» እያለች፣
እኔም መሐል ቤት ዝም እያልኩ፣
በመጨረሻ ገንዘቡን ቆጠርኩ።

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ የማይሠራ ሕንፃ፤
ትርሲት የምትባል ባለሙያ፣ ጋዋኗ ነጭ፣ ንግግሯ የነጻ፦
«እጅ በሳሙና፤ ከዚያ ደረቅ ይሁን፤
የቧንቧ ውሃ አይንካው፣ ምራቅማ አታስቡት እንኳን።
ጎኑን እዩ፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከቆመ ልክ ነው፤
ከንፈሩ ወደ ውጭ ከተዘረጋ ግን የተገለበጠ ነው።
ጥፍርም ይቆረጥ።» አለችና ጥፍሬን አየች።
የሰዓት ዘይት አለበት።
እንደ ተማሪ ከኋላዬ ደበቅሁት።

ቅዳሜ ውሃ የለም። በጀሪካን ታጥበን፣
ከመስኮቱ ሥር መስታወት አቁመን፣
የላይኛውን ቆብ እኔ ያዝኩ፣ የታችኛውን እሷ፤
ዓይኗ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ቤቱ ገባ፣ ወረደ እንባዋ።

አንዴ። ጉንጯ ላይ ተለጠፈ።
ሁለቴ። ጣቴ ላይ እንደ ቅጠል ተጠቀለለ፣ ታጠፈ።
ሦስተኛው ላይ ከእጄ አመለጠ።

«እንዳትንቀሳቀሱ!» ብዬ ጮኽኩ። እናቷ በሩ ላይ በአንድ እግሯ ቆመች፤
ድመቷ ብቻ እንደ ባለቤት ተንጎራደደች።
አጉሊ መነጽሬን ሰክቼ ሊሾው ላይ ተንበረከክሁ፤
ከወንበሩ እግር ሥር፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቆ አገኘሁ።
ጣልነው። መለዋወጫ አለን፤
በኔ ሙያ ያለ መለዋወጫ ምንም ነገር አንከፍትም አስቀድመን።

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፦
«አባዬ፣ ስትመጣብኝ ጣትህ ብቻ ነው የሚታየኝ።
ከጭጋግ ውስጥ ድንገት እንደሚወጣ መኪና።»

ዝም አልኩ።
ከስንዝር ወዲያ ያለው ዓለም ለሷ እርጥብ ወረቀት እንደሆነ
ሐኪም ነግሮኝ ነበር፤ ያን ቀን ነው ልቤ ያመነ።

«ተወው፣ ራሴ ላድርገው» አለች።
እጆቼን ከጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ።
የጣሪያውን እድፍ ሽቅብ እያየች፣
ጣቷን ቀስ አድርጋ አስጠጋች፤
አንዴ ጨፈን አደረገችና፣ «ገባ» አለች።
ምንም አልሰማሁም።
ልክ የገባ ብሎንም ድምፅ የለውም።

መጀመሪያ በቀን አራት ሰዓት፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ቀጥሎ ስምንት፤
ቆጣሪው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ለዚህማ ማን ብሎኝ ሰነፍ አባት!

ትናንት ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ስንወርድ፣
እንደ ወትሮዬ በግራዋ ነበርኩ፤ የክፈፉ ጠርዝ
የሚሸፍንባትን ጎን እኔ ነኝ ስጠብቅ የኖርኩት።
አስፋልቱን ልንሻገር እግሬን ሳነሣ፣
እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «ቆይ!»
ሚኒባሱ እጅጌዬን ገርፎ አለፈ፤
«ለገሃር! ለገሃር!» የሚለው ድምፅ ከኋላ ቀረ።

«እንዴት አየሽው?» አልኳት።
«ሳልዞር» አለች፣
እኔን ለማየትም ሳትዞር።

አሁን በየት ጎኗ ልሂድ?
ቀኟም ያያል፣ ግራዋም ያያል፤
ግራ የገባው አባቷ ብቻ ቀርቷል።