ግልባጭ

ኦሎሞውትስ ከተማ ኅዳር ሲጋመስ፣
ጉም ከሞራቫ ወንዝ ወጥቶ ሲልከሰከስ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ቁጥር ሰጪ፣ ማኅተም ያዥ።
ለትምህርት መጥቼ፣ ይህ አገር ለሁለት ሲከፈል አይቼ፣
በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ቀረሁኝ፣ ከወረቀት ገብቼ።
ሠላሳ አንድ ዓመት። አለቃ ይለወጣል፣
ማኅተም ይቀየራል፤ እጄ ግን ያው እጅ ነው፣ ቀለም ይነከራል።

ዛሬ ከዲኑ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ወረደ፤
ወረቀቱ ወፍራም፣ ፊርማው የተንጋደደ።

ቁጥር፦ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።
ለዶክተር ድራሆሚራ ቫንኮቫ፣ የውሃ ኬሚስት፤ ባሉበት።
ጉዳዩ፦ ሳይፈቀድ ስለ መናገር።
«የመንግሥት ሠራተኛ መሆንዎን እያስታወስን፣ ስለ ወንዙ ነገር
በተቋሙም ሆነ በራስዎ ስም
በአደባባይ እንዳይናገሩ በጥብቅ እናሳስባለን።
ከሰላምታ ጋር።»

ከሰላምታ ጋር! ይህን ቃል ስንት ጊዜ አየሁት፣
እንደ ማር ጠብታ ከኮሶ ላይ ሲያስቀምጡት።

ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል። ግልባጭ፦ ለሕግ ክፍል። ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት፤
እናም ለእኔ ደረሰኝ፣ የአንዲት ሴት አፍ መዘጋት።

ምን ተናግራ ኖሯል? ማክሰኞ ማታ
በከተማው ምክር ቤት፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተነሥታ፣
ከቆዳ ፋብሪካው በታች የቀዳችውን በጠርሙስ አነሣች።
«ክሮሚየም አለበት፤ ልኩ ይኸውና» አለች።
ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።
ይኸው ነው።

ደረጃውን ቆጠርኩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤
ብልቃጥ ስታለቀልቅ በሩ ላይ ቆሜ ዐየሁ።
ፈረመች። አነበበች። ደግማ አነበበች።
መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«አቶ ኅሩይ፣ አንተ ደንቡን ታውቃለህ፤
ደሞዝ ሲከፍሉኝ ምኔን ነው የገዙት? ንገረኝ እስቲ ባክህ።
እጄን ነው? ይሁን፤ እስከ ዐሥር ተኩል ይታዘዛል።
ዓይኔንም ይውሰዱት፤ ለማየት ተቀጥሯል።
ምላሴስ? በየትኛው እርከን ተመደበች?
ነጩን ጋውን ሳወልቅ፣ መስቀያው ላይ ታድራለች?
ማታ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የማን ናት?
ከፋዬ ዲኑ ነው? ዲኑስ ከማን ያመጣል?
የከፈለኝ ያ ሕዝብ ነው። ያንን ውሃ ይጠጣል።»

ዝም አልኩ።
እኛ ዘንድ ተረት አለ፣ «ዝም አይነቅዝም» ይላል።
ልነግራት ፈልጌ... ነቀዝ በቼክ ቋንቋ ምን ይባላል?
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ ቃሉ አይታወቀኝም።
ደግሞም ተረቱ እውነት አይደለም።
ነቅዟል። በእኔ ውስጥ የከረመው ዝምታ
ሲነኩት ዱቄት ያፈስሳል፣ ሌሊት፣ በእንቅልፍ ፋንታ።

ደብዳቤውን ገለበጠችው። ከጀርባው በእርሳስ ጻፈች፦
«ወንዙ ሲፈስ ፈቃድ አልጠየቀም። እኔም አልጠይቅም።» ፈረመች።
«ቁጥር ስጠው» አለችኝ፣ ወደ ብልቃጧ እየዞረች።

በእርሳስ የተጻፈ ገቢ አይደረግም፤ ደንብ ነው።
ለጡረታዬ ደግሞ አምስት ወር ነው የቀረው።
ምድር ቤት ወርጄ ብዙ ተቀመጥኩ። ማሞቂያው ያጉረመርማል።
ሻይ ላፈላ ቧንቧ ከፈትኩ። ብርጭቆው ንጹሕ ይመስላል።
ለብርሃኑ አነሣሁት። አስቀመጥኩት።

መዝገቡን ገለጥኩ። ገቢ፦ ዘጠና ሰባት።
ላኪ፦ ቫንኮቫ። ጉዳዩ፦ መልስ። ገጽ፦ አንድ፣ ጀርባው የተጻፈበት።
ግልባጭ ከሚለው ሥር ብዕሬ ትንሽ ቆመ።
ከዚያ ጻፍኩ፦ «ውሃ ለሚጠጣ ሁሉ»። እጄም አተመ።

ማኅተሙ ተንጋዷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።
በደረጃው የሚወርድ ጫማ ይሰማኛል፤
የማን እንደሆነ አላወቅሁም።